የቆየ የቱ ስትሮክ ጀልባ ሞተር የዘይት ችግርን ደረጃ በደረጃ መመርመርና ማስተካከል

ይህ መመሪያ በወሎ በሎጎ ሐይቅም ሆነ ከእርሱ ከፍ ብሎ በሚገኘው በአርዲቦ ላይ፣ ዓሣ ለማስገርም ይሁን ሰው ለማሻገር፣ የቆየ ቱ ስትሮክ የጀልባ ሞተር ለሚያሠሩ ሰዎችና ሞተሩን ለሚጠግኑ መካኒኮች የተዘጋጀ ነው። ባለ ሁለት ምት የሆነው ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ዘይቱን በኮፓ ውስጥ አጠራቅሞ ደጋግሞ አይጠቀምበትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ኩሽኔታዎቹን፣ ፒስተኑንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ካራሰ በኋላ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ በተለይ ጠዋት ሲነሣ ጥቂት ሰማያዊ ጢስ መታየቱ የአሠራሩ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ጢስ በበዛ ቁጥር ግን አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ «አብሽር፣ ዘይቱን ቀነስ አድርገው» ብሎ ይመክራል። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም ብዙ ሞተር የሚጠፋው በእርሱ ነው። ዘይት የበዛበት ሞተር ካንዴላው ይቆሽሻል፤ ካንዴላ ደግሞ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ካልሆነም ይለወጣል። ዘይት ያነሰበት ሞተር ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፣ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ የዚያም ጥገና ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ሞተር ዋጋ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በአንድ ደንብ ላይ ቆመዋል፦ ጢሱ ከምን እንደመጣ ተለክቶ እስኪታወቅ ድረስ ከዘይቱ መጠን አንዲት ጠብታ አይቀነስም።

ከመጀመርዎ በፊት

ምርመራውን ጀልባው ከዳር ታስሮ ሳለ፣ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ቦታ ያካሂዱ። ሲጋራም ሆነ እሳት አጠገብዎ አይኑር። ሞተሩን የግድ ማስነሣት በሚያስፈልግባቸው ደረጃዎች የታችኛው ክፍል ውሃ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከውሃ ውጭ የተነሣ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበውን የጎማ ፋን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላም የዘይትና የሙቀት ችግር ተደባልቆ ምርመራውን ያወሳስባል። ለሥራው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ወይም ትልቅ የመድኃኒት ስሪንጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የማይንጠባጠብ መቀበያ ዕቃና ጥሩ መብራት ያዘጋጁ። ለሞተሩ ሞዴል የታተመው የጥገና መጽሐፍ ከተገኘ ደግሞ ከዚህ በታች በአጠቃላይ የተነገረውን ሁሉ በትክክለኛ ቁጥር ይነግርዎታል።

አንደኛ ደረጃ፦ ሞተሩ ዘይቱን በምን መንገድ እንደሚያገኝ ይለዩ

የቆዩ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘይቱ አስቀድሞ በእጅ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልላቸው ሲሆኑ፣ አነስተኛ ጉልበት ያላቸው አብዛኞቹና እንደ ያማሃ ኢንዱሮ ያሉት የሥራ ሞተሮች የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ ለዘይት ብቻ የተለየ መያዣና ዘይቱን መጥኖ የሚሰጥ ፖምፓ ያላቸው ናቸው። ክዳኑን አንሥተው ይመልከቱ፤ «ዘይት» የሚል ጽሑፍ ወይም የዘይት ጠብታ ሥዕል ያለበት መያዣ፣ ከእርሱ ወርዶ ወደ ሞተሩ ጎን የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከዚያም ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄዱ ይበልጥ የቀጠኑ ቱቦዎች ካሉ ሞተሩ ፖምፓ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ። ሞተሩ ከሌላ ሰው የተገዛ ከሆነ ፖምፓው አሁንም ይሠራል ወይስ የቀድሞው ባለቤት አስወልቆታል? መያዣው በቦታው ተቀምጦ፣ ቱቦውም ተያይዞ እያለ ውስጡ ግን ተደፍኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ገዢው ፖምፓ ያለው መስሎት ንጹሕ ቤንዚን ከሞላበት ሞተሩ ያለ ዘይት ይዞራል ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ በ50 ለ1 (50 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት) የተቀላቀለ ቤንዚን ይሙሉ። ይህ ጥንቃቄ ከትርፍ ጢስ በቀር የሚያስከትለው ጉዳት የለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የዘይቱን ዓይነትና የቅልቅሉን መጠን ያረጋግጡ

ለጀልባ ቱ ስትሮክ ሞተር የሚፈቀደው ዘይት በማሸጊያው ላይ «ቲሲ-ደብልዩ3» (TC-W3) የሚል ደረጃ የተጻፈበት ነው። በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት በነፋስ ለሚቀዘቅዝና በጣም ለሚሞቅ ሞተር የተሠራ በመሆኑ ሲቃጠል አመድ የሚተው ንጥረ ነገር አለበት። በውሃ የሚቀዘቅዘው የጀልባ ሞተር ከእርሱ ይልቅ ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚሠራ ያ አመድ በካንዴላውና በፒስተኑ ራስ ላይ ይጋገራል፣ የፒስተኑንም ቀለበቶች ያጣብቃል። የመኪና ሞተር ዘይት ደግሞ ከቤንዚን ጋር እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ከመኪና የወጣ ያገለገለ ዘይትማ ፈጽሞ አይነሣ። ትክክለኛውን ዘይት ደሴና ኮምቦልቻ ካጡት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለወቅቱ የሚበቃውን ማስቀመጥ ይሻላል፤ ወጪው ከአንድ ፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የተለያዩ ዘይቶች በአንድ መያዣ ሲደባለቁ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሙጫ ረግተው ፊልትሮውን ስለሚደፍኑ፣ ዓይነት ሲቀይሩ የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ።

በእጅ ለሚቀላቀል ሞተር 50 ለ1 ማለት ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር፣ ለ25 ሊትር መያዣ ደግሞ ልክ አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ይሆናል። ከዚህ የቆዩና አዲስ ተጠግነው ገና በመለማመድ ላይ ያሉ ሞተሮች 25 ለ1፣ ማለትም ለ20 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር ሊጠይቁ ስለሚችሉ ትክክለኛውን ቁጥር በሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ወይም ከመጽሐፉ ይውሰዱ። መጠኑን «በዓይን» መገመት ዋነኛው የስሕተት ምንጭ ነው። በመጀመሪያ ከቤንዚኑ ጥቂት ሊትር ያህል በጀሪካኑ ውስጥ ይጨምሩ፣ የተለካውን ዘይት ያፍስሱበት፣ ክዳኑን ገጥመው በደንብ ይናጡት፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ሞልተው እንደገና ያናውጡት። ዘይቱ መጀመሪያ ወደ ባዶ ጀሪካን ከተንቆረቆረ ከሥሩ ተጣብቆ ይቀርና መጀመሪያ የሚሳበው ቅልቅል ቀጭን፣ መጨረሻ ላይ የሚሳበው ደግሞ በጣም ወፍራም ይሆናል።

በእጅ የሚቀላቀል ሞተር ያላችሁ ሰዎች ከዚህ በኋላ የምትፈልጉት አራተኛውን ደረጃ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ደረጃዎች ፖምፓ ላላቸው ሞተሮች ናቸው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማስጠንቀቂያው የሚናገረውን ይለዩ

ጩኸት የሚያሰማ ወይም ቀይ መብራት የሚያበራ ሞተር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ድምፅ ሊናገር ይችላል፤ አንዱ የዘይት ማነስ፣ ሌላው ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። በብዙ የያማሃ ሞተሮች ላይ ሁለቱም ጩኸቱን ከማስነሣታቸው ሌላ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 2,000 ገደማ ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጩኸት ሲነሣ ወዲያው ጋዙን ይልቀቁና ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን የማቀዝቀዣ ውሃ ይመልከቱ። ውሃው ከተቋረጠ ወይም እንፋሎት ከሆነ ነገሩ የሙቀት ነው፤ ሞተሩን አጥፍተው ውሃ የሚስበውን ክፍል ይመርምሩ። ውሃው በደንብ እየወጣ ከሆነ የዘይቱን መያዣ ይክፈቱ።

መያዣው ሙሉ ሆኖ ጩኸቱ ካላቆመ የተበላሸው የመጠን መለኪያው ሊሆን ይችላል። ይህ መለኪያ ብዙውን ጊዜ በዘይቱ ላይ እየተንሳፈፈ ከፍና ዝቅ የሚል ትንሽ ተንሳፋፊ ነው። ቀስ ብለው ያውጡት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ተንሳፋፊውን በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። ወደ ላይ ሲሄድ መብራቱ የሚጠፋ፣ ወደ ታች ሲመጣ የሚበራ ከሆነ መለኪያው ጤነኛ ነው፤ ምናልባት በጭቅቅት ተይዞ ነበርና በንጹሕ ቤንዚን ታጥቦ ይመለስ። ምንም ለውጥ ካላሳየ የሽቦዎቹን መጋጠሚያ ይፈትሹ፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘ መጋጠሚያ ከተቆረጠ ሽቦ አይለይም። ጩኸቱ ስላስቸገረ ብቻ ሽቦውን መቁረጥ ግን በዚህ ሥራ ላይ ከሚፈጸሙት ሁሉ የከፋ ነው፤ ዘይቱ በእውነት ያለቀ ዕለት ሞተሩን የሚያድነው ሌላ ነገር አይኖርም።

አራተኛ ደረጃ፦ ጢሱንና ካንዴላውን ያንብቡ

ሞተሩ ለሩብ ሰዓት ያህል በመካከለኛ ፍጥነት ከሠራ በኋላ ያጥፉት፣ ካንዴላዎቹን ይፍቱና በወጡበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። እያንዳንዱን በቀን ብርሃን ከቅርብ ይመልከቱት። ጫፉን የከበበው ነጭ ሸክላ እንደ ቡና በወተት ያለ ቀለም ከያዘ ሲሊንደሩ በትክክል እየነደደ ነው። ጫፉ እርጥብ፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ጣት ላይ የሚያንሸራትት ቅባት ከተወ የዘይት መብዛት አለ። ጥቁረቱ ደረቅና የሻማ ጥላሸት የመሰለ፣ በጨርቅ ሲታሽም በቀላሉ የሚለቅ ከሆነ የበዛው ቤንዚን እንጂ ዘይት አይደለም። ሸክላው ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ወይም የብረት ነጠብጣብ ከታየበት ሲሊንደሩ በሙቀት ወይም በዘይት ማነስ እየተጎዳ ስለሆነ ሞተሩን እንደገና አያስነሡት። ሦስቱ ካንዴላዎች ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው ቱቦ ወይም በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ነውና ፍለጋው ይቀላል።

የደረቀው ጥቁረት በወሎ ሐይቆች ላይ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አርዲቦ ደግሞ ከእርሱም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። የቆየ ሞተር ካርቡሬተር ግን የተመጠነው አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አየር በመሆኑ፣ የሚገባው አየር ሲቀንስ የሚፈሰው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስምና ቅልቅሉ በቤንዚን የበለጸገ ይሆናል። ውጤቱ ጥቁር ጢስ፣ የሚቆሽሽ ካንዴላና የጉልበት መቀነስ ነው። ባለቤቱ ይህን አይቶ ዘይቱን ሲቀንስ ጢሱ ጥቂት ይሻሻል ይሆናል፤ የቤንዚኑ መብዛት ግን እንዳለ ስለሚቆይ ሞተሩ በአንድ በኩል እየቆሸሸ በሌላ በኩል ይደርቃል። መድኃኒቱ ያለው በካርቡሬተሩ ዘንድ ነው፤ አምራቹ ለከፍታ ቦታ ያዘዘውን ያነሰ ቀዳዳ ያለው ጂግለር (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበትን ትንሽ ቁራጭ) መግጠም፣ ዙሩ ካልሞላ ደግሞ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ባነሰ ፕሮፔለር መቀየር ይገባል። የጂግለር ቁጥሩ በግምት የሚመረጥ አይደለም፤ ከልክ በላይ ያነሰ ጂግለር ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣውን ዘይትም ይቀንሳል። ያው ሞተር ወደ ቆላ ከወረደም የቀድሞው ጂግለር መመለስ አለበት።

የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተከፍቶ ሲቀርም ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ጢሱና የካንዴላው እርጥበት ይበዛል። ይህን ለማወቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲከፈትና ሲቀዘቅዝ መዘጋቱን ማየት ይበቃል።

አምስተኛ ደረጃ፦ መያዣውን፣ ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን ይፈትሹ

የዘይት ፖምፓ ችግር ከሚባሉት አብዛኞቹ ፖምፓው ላይ አይደሉም፤ ወደ ፖምፓው በሚያደርሰው መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፖምፓውን ከመፍታት በፊት በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ወስደው ይሥሩ።

መያዣውን ሲከፍቱ መጀመሪያ ወደ ሥሩ ይመልከቱ። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል፣ በዝናብ ወይም በማዕበል የገባ ውሃ ከሥር ይቀመጣል፤ ፖምፓው የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። በብዙ ሞተሮች መያዣው ሥር ለዚህ የተሠራ ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ አለ። እርሱን ከፍተው በብርጭቆ ይቀበሉና ለአምስት ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ውሃ ካለ ከሥር በግልጽ ይለያል። ውሃ ከተገኘ መያዣውን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው፣ አድርቀውና የክዳኑን ጎማ ቀይረው እንደገና ይሙሉት፤ ቱቦዎቹም ውስጥ የቀረውን ገፍተው ያውጡ።

ቀጥሎ ወንፊቱን ወይም ፊልትሮውን ያውጡ። ጭቅቅቱ ደቃቅ አሸዋና ክር ከሆነ ዘይቱ በንጽሕና አልተሞላም ማለት ነው፤ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ከሆነ የተለያዩ ዘይቶች ተደባልቀዋል። በቤንዚን አጥበው በብርሃን አንጻር ይዩት፣ ወንፊቱ ከተቀደደ ወይም ካልጸዳ ይቀይሩት።

አሁን ቱቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ ይዳስሱ። ጤነኛ ቱቦ ሲታጠፍ ይተጣጠፋል፣ ሲለቀቅም ይመለሳል። የቆየው ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ከመጋጠሚያው አጠገብም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ ስንጥቅ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ፖምፓው በሚስብበት ጊዜ ግን አየር ያስገባል። ለማየት ሞተሩን በዝግታ አስነሥተው መብራት ከቱቦው ጀርባ ይያዙ። ከመያዣው ወደ ፖምፓው በሚሄደው ግልጽ ቱቦ ውስጥ ዘይቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሙላት አለበት። ስንጥቅ ካለ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ በመጋጠሚያው ላይ ትታያለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ፖምፓው በሳበ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለች ወደፊት ትሄዳለች፤ ከኋላዋም ሌላ ትከተላለች። አረፋዋ የተነሣችበት ቦታ የሚቀየረው ቦታ ነው።

ቱቦ ሲቀይሩ ቤንዚንና ዘይት የሚችል፣ የውስጥ ስፋቱም ከቀድሞው ጋር እኩል የሆነ ይግጠሙ። የውሃ ቱቦ በአጭር ጊዜ ደርቆ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውን በፋሸታ እንጂ በሽቦ አያጥብቁት፤ ሽቦ እየቆየ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ፖምፓውንና ከጋዙ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ያስተካክሉ

በብዙዎቹ ሞተሮች ፖምፓው የሚዞረው ከክራንክ ሻፍቱ በሚመጣ ጥርስ ሲሆን፣ የሚሰጠው መጠን ደግሞ ከካርቡሬተሩ ጋር በተያያዘች ቀጭን ዘንግ ይወሰናል። ጋዙ ሲጨምር ዘንጓ የፖምፓውን ክንድ ትገፋለች፣ ዘይቱም ይጨምራል፤ በዝግታ ጊዜ ቅልቅሉ ወደ 100 ለ1 አካባቢ፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ የሳሳ ሲሆን፣ በሙሉ ጋዝ ወደ 50 ለ1 ይወፍራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጋዙን በእጅ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ክንዱ ሳይዘገይና ሳይነክስ መከተል አለበት። በክንዱና በፖምፓው አካል ላይ የአሠላለፍ ምልክት ይኖራል፤ ምልክቶቹ የሚገናኙት በአንዳንድ ሞተር ጋዙ ተለቅቆ ሳለ፣ በሌላው ደግሞ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ በመሆኑ በዚህ ላይ መጽሐፉን ሳያዩ አያስተካክሉ። የዘንጓ ጫፍ ያለችበት የፕላስቲክ መያዣ ካረጀ ሞገድ ሲያናውጠው ይወልቃል፤ ያን ጊዜ ፖምፓው የጋዙን ለውጥ መከተል ያቆማል።

ቱቦዎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ከፖምፓው መውጫ ምንም ዘይት ካልወጣ የሚያዞረው ጥርስ ተበልቷል ብለው ይጠርጥሩ። በአንዳንድ ሞተሮች ይህ ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ፖምፓው ሲፈታ ስብርባሪው በውስጥ እንዳይቀር በጥንቃቄ ይልቀሙ።

ጢሱ የሚበዛው ሞተሩ ለብዙ ቀናት ቆሞ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፖምፓውን አይውቀሱ። ከፖምፓው በኋላ ዘይቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ቫልቮች አሉ። እነዚህ ካልዘጉ ዘይቱ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከመያዣው በራሱ ክብደት እየወረደ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ቫልቩን አውጥተው በስሪንጅ ከሁለቱም ወገን አየር ይግፉበት፤ በአንዱ ወገን ብቻ ማሳለፍ አለበት። እንዲህ ያለውን ሞተር ከማስነሣት በፊት ካንዴላዎቹን ፈትቶ በእጅ ማዞርና የተጠራቀመውን ዘይት ማስወጣት ይገባል፣ አለዚያ ዘይቱ ሲሊንደሩን ሞልቶ ፒስተኑን ሊቆልፈው ይችላል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ አየሩን ያስወጡ

መያዣው አንድ ጊዜ ባዶ ከሆነ፣ ቱቦ ወይም ፖምፓ ከተፈታ በኋላ በመንገዱ ላይ አየር ይቀራል፤ አየር እስካለ ድረስ ደግሞ መያዣው ሙሉ ቢሆንም ሲሊንደሩ ዘይት አያገኝም። በመጀመሪያ የቤንዚኑን መያዣ በ50 ለ1 በተቀላቀለ ቤንዚን ይሙሉ፤ ይህ ሥራው እስኪያልቅ ሞተሩን የሚጠብቅ ዋስትና ስለሆነ አይዝለሉት። የዘይቱን መያዣ ሞልተው ከፖምፓው ሥር ጨርቅ ያድርጉ፣ በፖምፓው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቪቴ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ያላሉ። መጀመሪያ አረፋ የተቀላቀለበት ዘይት ይወጣል፤ ያለ አረፋ መውጣት ሲጀምር ቪቴዋን ያጥብቁ። ከዚያ ሞተሩን በዝግታ አስነሥተው የፖምፓውን ክንድ ብቻ በእጅዎ ወደ ሙሉው ጎን ይያዙ፤ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው አረፋ አልቆ ዘይቱ ሳይቋረጥ እስኪታይ ድረስ ያቆዩት። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ከባድ ጢስ የሚጠበቅ ነው።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የሚወስደውን ዘይት ለክተው ይወስኑ

መያዣው ላይ ዘይቱ የደረሰበትን በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። 20 ሊትር የተቀላቀለ ቤንዚን በመደበኛ ሥራዎ፣ ማለትም ዝግታም ፍጥነትም ባለበት አጠቃቀም፣ ያቃጥሉ። ጀልባው ሲመለስ ልክ እንደ መጀመሪያው አቀማመጥ ያቁሙትና ዘይቱን እስከ ምልክቱ ድረስ በመለኪያ ይሙሉ። የገባው ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር መካከል ከሆነ ፖምፓው ሥራውን እየሠራ ነው፤ በፍጥነት የነዳ ሰው ወደ 400፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ የነዳ ሰው ወደ 200 ይቀርባል። ከ200 በእጅጉ ካነሰ ወደ አምስተኛውና ስድስተኛው ደረጃ ይመለሱ፣ እስከዚያም የተቀላቀለ ቤንዚኑን አያቋርጡ። ከ400 ካለፈ በመጀመሪያ ከክዳኑ ሥር የሚያንጠባጥብ ቦታ፣ ቀጥሎ የዘንጉን አሠላለፍ ይፈትሹ። በእጅ በተቀላቀለው ላይ የፖምፓው ስለሚጨመር በፈተናው ጊዜ ጢስ ይበዛል፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚፈረደው በመለኪያው እንጂ በጢሱ አይደለም።

ፖምፓው የማይጠገን ሲሆን

መለዋወጫው ካልተገኘ ፖምፓውን አስወግዶ ለዘለቄታው በ50 ለ1 ቅልቅል መሥራት ተገቢ መፍትሔ ነው፤ ለአሮጌ ሞተር ብዙ ጊዜ የተሻለውም እርሱ ይመስለኛል። ሥራው ግን በግማሽ መቅረት የለበትም። በክራንክ ሻፍቱ የሚዞር ፖምፓ ያለ ዘይት እየዞረ እንዳይበላ ከነሚያዞረው ጥርስ መውጣት፣ ቀዳዳው በልኩ በተሠራ ሽፋንና ጓርኒሲዮን መዘጋት፣ የሲሊንደሮቹ የዘይት መግቢያዎችም አየር እንዳይስቡ መደፈን አለባቸው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጆንሰንና በኢቪንሩድ ሞተሮች ላይ የገባው «ቪአርኦ» የሚባለው ፖምፓ የተለየ ነው፤ ይህ ቤንዚኑንም ዘይቱንም አብሮ ስለሚስብ አይወጣም፤ የዘይት መግቢያው ብቻ ይደፈንና የቤንዚን ፖምፓ ሆኖ ይቀጥላል። በማናቸውም ሁኔታ በሞተሩ ክዳንና በቤንዚን መያዣው ላይ «ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ 50 ለ1» ብለው በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ ሞተሩ ነገ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

የፈሰሰውን ዘይት በተመለከተ

ሎጎ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ነው፤ ከአርዲቦ የሚወርደው ውሃም ወደ እርሱ ይገባል። ስለዚህ በምርመራው ጊዜ የፈሰሰ ዘይት ታጥቦ የሚሄድበት የለም፤ ዓሣው በሚራባበትና ከብት በሚጠጣበት ዳርቻ ይቀራል። ያፈሰሱትን ዘይትና ካንዴላ ያጠቡበትን ቤንዚን በጀሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ። ከሞተሩ ሥር የተነጠፈውን ጨርቅም በሐይቁ ውሃ አይጠቡት።

ጥገናው ካለቀ በኋላ

የመጀመሪያውን ሙሉ መያዣ ቤንዚን የፖምፓው መጠን በስምንተኛው ደረጃ ቢረጋገጥም ተቀላቅሎ ይጠቀሙበት። በዚህ ጊዜ ከዳር ብዙ አይራቁ፤ መቅዘፊያና ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ጀልባው ላይ ይኑር። በየግማሽ ሰዓቱ ቆመው የዘይቱን ደረጃና የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ይመልከቱ። መያዣው ሲያልቅ ካንዴላዎቹን እንደገና አውጥተው ከፊተኛው ጋር ያስተያዩ፤ ሁሉም የቡና በወተት ቀለም ይዘው ከተገኙና ዘይቱም በምልክቱ ልክ ከቀነሰ ወደ ንጹሕ ቤንዚን መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ዘይቱም አብሮ እየታየ ይሞላ፣ የተሞላውም በማስታወሻ ይጻፍ።